እርዱኝ፦ የሁለት ወንዶች ፍቅር፣ የጠፋ አጎትና የቆርቆሮ ሳጥን (ባህር ዳር ላይ የማስቀምጠው ልብ ወለድ)

ጣና ዳር | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ዓመት የፈጀብኝ ልብ ወለድ አለኝ። ግማሹ ላይ ቆሜያለሁ፣ ብቻዬን ልጨርሰው ስላልቻልኩ እዚህ አመጣሁት። ከመጀመሪያው ልናገር፣ ፍቅሩ የሁለት ወንዶች ነው። ይሄን ማንበብ የማይፈልግ ሰው ከዚህ ቢመለስ አልቀየምም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ናሆም ሴት አያቱ ሞተው ለአርባቸው ከአዲስ አበባ ይመጣል። ቤታቸው ሽምብጥ ነው። እቃ ሲከፋፈል አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ይገኛል፣ ውስጡ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለሉ ደብዳቤዎች አሉ። የጻፋቸው የአያቱ ታናሽ ወንድም ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ ነበር። በ1967 ክረምት በታንኳ ወጥቶ አልተመለሰም። ቤት ውስጥ ስለሱ የሚባለው ነገር አንድ ብቻ ነው፦ «ጣና በላው»። ደብዳቤዎቹ የፍቅር ናቸው። ቤተሰቡ ጎንደር ለነበረች እጮኛው የጻፈው ነው ይላል።

ናሆም ደብዳቤዎቹን ይዞ ወደ ዘጌ ሲሻገር ጀልባ የሚነዳው ይርዳው ይባላል። ፍቅሩ እዚያ ይጀምራል። ሁለቱ የአጎትየውን መጨረሻ መፈለግ ሲጀምሩ ሳጥኑ ተመልሶ እንዲዘጋ የሚፈልግ ሰው እዚያው ቤት ውስጥ አለ።

ችግሬ ይሄ ነው። ደብዳቤው ለወንድ መጻፉን እስከ መጨረሻ እንዴት ልደብቀው? አማርኛ ወዲያው ያጋልጣል። «ናፈቅኸኝ» ካልክ አለቀ። የመረጥኩት መንገድ «እርስዎ» ነው። አጎትየው ሁሉንም በአክብሮት ጻፈው፣ «ናፈቁኝ»፣ «መቼ ይመጣሉ»። እርስዎ ወንድም ሴትም አይልም። ያስኬዳል?

ሁለተኛ ፍንጭም አለኝ። በአንዱ ደብዳቤ ላይ «ክብራን ገብርኤል ቅጽር ውስጥ ጎን ለጎን ያስቀደስን ዕለት» ይላል። ክብራን የጣና ደሴት ገዳም ነው፣ ሴት አትገባም። ናሆም ይሄን ያስተዋለ ዕለት ሁሉም ይገለጥለታል።

---

የጥንት ፖሊ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:25

ልጄ፣ በ60ዎቹ መጀመሪያ ፖሊ ቴክኒክ ተማሪ ነበርኩ። የፋብሪካውን ልጆች አውቃቸዋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ከነሱ ጋር ነበር ኳስ የምንጫወተው። አንዱ ሌላውን እርስዎ ሲል ሰምቼ አላውቅም። እናቴ አባቴን እርስዎ እንዳለች ነው የሞተችው፣ ስለዚህ እርስዎ በፍቅር ውስጥ የለም አልልህም። ግን ያ የትዳር አክብሮት ነው፣ ሃያ ሁለት ዓመት የሆነው ልጅ ናፍቆት ሲይዘው የሚጽፈው አይደለም። በዚያ ላይ ለእጮኛው ከሆነ ቤተሰቡ ራሱ «ለምን እርስዎ አላት?» ብሎ ይጠይቃል። ሌላ ዘዴ ፈልግ።

ክብራን ያልከው ደግሞ ለባህር ዳር ሰው ፍንጭ አይሆንም። እዚህ ያደገ አንባቢ ገጹ ላይ እንዳየው ይይዘዋል። ናሆም አሥር ምዕራፍ ሙሉ ሳይገባው ከቆየ የሽምብጥ ልጅ መሆኑን ማን ያምነዋል?

---

ወለተ ኪዳን | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:02

እኔ አልስማማም። ሃይማኖቴ አይፈቅድም፣ ይሄን በግልጽ ልናገር። ልሳደብ ግን አልመጣሁም። አንድ ነገር ልለምንህ፣ ገዳሙን ተወው። እናቴ በየዓመቱ ዳር ላይ ቆማ ወደ ክብራን እጣን ትልክ ነበር፣ ገብታ አታውቅም፣ ቅርም አላላትም። የዚያን ቅጽር ስም እንቆቅልሽ መፍቻ ስታደርገው የሷን ዓይነት ሰው ታሳዝናለህ።

የሳጥኑ ነገር ግን እውነት ነው። እኛም ቤት አንድ ነበር። አባቴ እስኪሞት ማንም አልነካውም። ሲከፈት የተገኘው የታላቅ ወንድሜ የትምህርት ቤት ደብተር ብቻ ነው። ወንድሜ በ70 ሄዶ አልመጣም። ሳጥን የማይከፈተው ውስጡ ያለው ስለሚያስፈራ ብቻ አይደለም። ከተከፈተ በኋላ የሚጠበቅ ነገር ስለማይኖር ነው። ይሄን ጻፍ።

---

ጣና ዳር | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:40

ጋሼ፣ ልክ ነዎት። እርስዎን አወጣዋለሁ።

እህቴ ወለተ ኪዳን፣ ክብራንንም አወጣዋለሁ። ስለ ሳጥኑ ያልሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አመሰግናለሁ።

---

ሞተረኛው | እሑድ፣ ከጠዋቱ 1:15

እኔ ጀልባ ላይ ነው የምሠራው። ስለ ፍቅሩ ብዙ አልልም፣ ስለ ሐይቁ ልንገርህ። «ጣና በላው» ለማለት ይቀላል። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ጥልቅ የሚባለው ቦታ 15 ሜትር ገደማ ነው። የሰጠመ ሰው በቀናት ውስጥ ይንሳፈፋል፣ ዓሣ አስጋሪ ያየዋል፣ ወይ ደንገሉ ውስጥ ይገኛል። የጉማሬ ነገር ካሰብክም ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ነው የሚበዛው፣ እዚያም ቢሆን ታንኳው ይቀራል። ሰውም ታንኳም አብረው ከጠፉ ዳር የደረሰ ሰው አለ ማለት ነው። እኛ መጀመሪያ የምንጠይቀው ይሄን ነው። ይርዳውም የሐይቅ ልጅ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ለናሆም ይሄን ይነግረዋል። ፍቅራቸው ከዚህ ንግግር ቢጀምር ለኔ ያምረኛል፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሞተ የተባለውን ሰው «ምናልባት አልሞተም» ያለው የመጀመሪያው ሰው እሱ ይሆናል።

ሌላ። የደንገል ታንኳ ውሃ ይጠጣል። ሲከብድ አውጥተህ ፀሐይ ላይ ታደርቀዋለህ። ባንድ ሌሊት ከባህር ዳር ጎርጎራ አያደርስህም፣ ሰሜን ጫፍ ነው። አጎትየው ሸሽቶ ከሆነ እስከ ዘጌ በታንኳ፣ ከዚያ በኋላ ግን በሞተር ጀልባ ወይ በእግር ነው። ከጎርጎራ ጎንደር፣ ከጎንደር መተማ፣ ከዚያ ሱዳን። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው በዚያ መንገድ ወጥቷል።

የማሳደዱን ምዕራፍ እምቦጭ ውስጥ አስገባለሁ ካልክ ዘጌ አጠገብ አታድርገው። እምቦጩ የበዛው በደንቢያና በፎገራ በኩል ነው። እዚያ ፕሮፔለሩን ጠምዝዞ ይይዝሃል፣ ሞተር አጥፍተህ በእጅህ ስትነቅል ከኋላ የሚመጣው ይደርስብሃል። ንፋሱንም አስታውስ። ጠዋት ሐይቁ እንደ መስታወት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ይነሣል። ዘጌ የሚሄድ ሰው በጠዋት ነው የሚነሣው።

---

ማሪቱ | እሑድ፣ ከቀኑ 6:30

ሕግ ነው የተማርኩት፣ ስለዚህ የገረመኝን ልጠይቅ። ሳጥኑን መዝጋት የሚፈልገው ዘመድ ለምን ይፈልጋል? «ለቤተሰብ ክብር» ብቻ ካልክ ደካማ ነው። ሰው ለክብር ይዋሻል፣ ለመሬት ግን ሌላም ያደርጋል።

ዓመቱን አንተው ራስህ መርጠኸዋል፣ 1967 ክረምት። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ምን እንደወጣ ታውቃለህ? አዋጅ ቁጥር 47። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። አንድ ሰው ወይም አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደረገ። አሁን እንበልና አያትየዋና ባላቸው ሁለት ቤት አላቸው፣ ሁለተኛው በወንድምየው ስም ነው። ወንድምየው ሞተ ወይም ጠፋ ከተባለ ቤቱ ትርፍ ይሆናል። «ጎንደር ሥራ ይዟል፣ እጮኛ አለው፣ ሲያገባ ይመጣና ይገባበታል» ከተባለ ግን ቤቱ የሱ ነው። እጮኛዋን ቤተሰቡ የፈለጋት ለዚህ ነው። ያ ቤት ዛሬ ሐይቁ ዳር ከሆነ ዋጋውን አንተው አስበው። ለመንደሩ «ጣና በላው»፣ ለቀበሌው «ጎንደር ነው»። ሁለት ውሸት ጎን ለጎን የኖረበት ቤት።

አደጋውን በተመለከተ ሕጉን አትርሳ። የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ያስቀጣል። አጎትየው በነበረበት ጊዜም በ1949ኙ ሕግ አንቀጽ 600 ያስቀጣ ነበር። ዘመድየው ናሆምን በእጁ ጫፍ መንካት አያስፈልገውም። «ስለ ቤቱ ከጠየቅክ ስለ አንተ እጠይቃለሁ» ማለት ብቻ ይበቃዋል።

---

ስም የለኝም | እሑድ፣ ከምሽቱ 1:50

ከብዙ ማመንታት በኋላ ነው የምጽፈው። እኔ ከዚያው ከተማ ነኝ። እንደ ናሆም ነኝ።

ማሪቱ ያለችው እውነት ነው። አንድ የማውቀው ሰው ፎቶ ይዞ ብር ጠየቀኝ። አንድ ዓመት ከፈልኩ። መጀመሪያ ለባጃጅ ጥገና አለኝ፣ ከዚያ ለቤት ኪራይ፣ ከዚያ ምክንያት መስጠት ተወ። የትም ሄጄ መክሰስ አልቻልኩም፣ ክሱን ስናገር የምከሰሰው እኔው ነኝ። ስለዚህ በመጽሐፍህ ውስጥ ጨለማ ውስጥ ቢላ ይዞ የሚከተል ሰው አያስፈልግህም። ስልክ ሲጮህ ስሙን አይቶ ፊቱን የሚያዞር ሰው ጻፍ። እሱ እኔ ነኝ።

ሦስት ነገር እለምንሃለሁ። አንደኛ፣ ልጆቹን አትግደላቸው። በኛ ልብ ወለድ የተከለከለ ፍቅር ሁልጊዜ መቃብር ላይ ነው የሚያልቀው፣ እኛ ደግሞ በሕይወት አለን። ሁለተኛ፣ እርስ በርሳችን የምንጠራራበት ቃል አለ። ምናልባት ሰምተኸዋል። እዚህ አልጽፈውም፣ አንተም መጽሐፍህ ውስጥ አታስገባው። ቃሉ የሚጠብቀን ሰው ስለማያውቀው ነው። ሦስተኛ፣ አያትየዋን ክፉ አታድርጋቸው።

ስለ እናቴ ልንገርህ። በየበዓሉ «መቼ ነው የምትዳረው?» ትለኝ ነበር። ባለፈው ፋሲካ አላለችኝም። ቡናውን ቀድታ ሰጠችኝና ስለ ዶሮው ዋጋ አወራች። ሌላው ዘመድ ሊጠይቀኝ አፉን ሲከፍት «እስቲ በሰላም ይብላበት» ብላ ዘጋችው። ምንም አላወራንም። ምን እንደምታውቅ አላውቅም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ስገባ ትከሻዬ ይወርዳል።

---

ጣና ዳር | እሑድ፣ ከምሽቱ 2:30

ወንድሜ፣ ይሄን ስላካፈልከኝ ምን እንደምል አላውቅም። ቃሉን አላስገባም። ልጆቹን አልገድልም። ቃሌ ነው።

---

ፊደል ቆጣሪው | እሑድ፣ ከምሽቱ 3:45

እኔ ያደግኩት በቆሎ ትምህርት ቤት ነው፣ ስለ ጽሕፈት ትንሽ አውቃለሁ። እርስዎን ካወጣኸው ሌላ መንገድ ላሳይህ። ደብዳቤውን ሰው አርሞታል በል።

በድሮ አጻጻፍ «እወድኻለኹ» ይባላል፣ በኸ። አሁን ኻን እና ሻን ጎን ለጎን ጻፋቸው። ሁለቱም አናታቸው ላይ ሰረዝ አለ፣ የሁለቱም ቀኝ እግር ረዝሟል። የሚለያቸው የአናቱ አጣጣፍ ነው። ያኔ ተማሪ የተሳሳተ ቀለም የሚያጠፋው በምላጭ ነበር፣ ወረቀቱን በስሱ ትፍቃለህ፣ በላዩ ትጽፋለህ። አንድ ትዕግሥት ያለው ሰው «እወድኻለኹ»ን «እወድሻለኹ» ማድረግ ይችላል። ግን አንድ ፊደል አልፎ «ኹ» እዚያው ቆማለች። የጸሐፊው የኸ አጣጣል ምን እንደሚመስል ትመሰክራለች። ናሆም በፀሐይ አንጻር ወረቀቱን ሲይዘው የሳሳው ቦታ ብርሃን ያሳልፋል።

---

የሽምብጥ ልጅ | እሑድ፣ ከምሽቱ 4:20

ፊደል ቆጣሪው የተናገረውን ሳነብ ከአልጋዬ ተነሣሁ! አማርኛ አስተምራለሁ፣ ይሄን ልጨምርበት።

የወንዱን ግሥ ወደ ሴት ስታዞር ፊደሉ ላይ ምን እንደሚሆን አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ትሄዳለኽ፣ ትሄጃለሽ። ዳ ላይ ሰረዝ ስትጨምርበት ጃ ነው። ትመጣለኽ፣ ትመጫለሽ። ጣን ትንሽ ነክተህ ጫ ታደርጋታለህ። ትለምናለኽ፣ ትለምኛለሽ። ና ላይ ሰረዝ፣ ኛ። ፊደላችን ራሱ ለአራሚው ይመቸዋል! በብዙ ቦታ ወንዱን ሴት ለማድረግ የሚያስፈልገው አናት ላይ አንዲት ጭረትና መጨረሻዋን ፊደል መቀየር ነው።

በሁሉም ቦታ ግን አይሠራም። «ትጽፋለኽ» የሚለውን ሴት ለማድረግ «ትጽፊያለሽ» ማለት አለብህ። ፋ ፊ ትሆናለች፣ ያ የምትባል አንድ ፊደል ትጨመራለች። ወረቀቱ ላይ ቦታ የለም። «ታውቃለኽ»ም ያው ነው። «ና» ነይ ለመሆን ቦታ ይፈልጋል። አራሚው መጨረሻዋን ብቻ ቀይሮ ያልፋል፣ «መቼ ትጽፋለሽ» ይቀራል። እንዲህ የሚል ሰው የለም። አንባቢው ግን ያልፈዋል፣ የፋብሪካ ልጅ ነው ተሳስቶ ይሆናል ይላል። ናሆምም ያልፈዋል። ይርዳው ጮክ ብሎ ሲያነብለት ነው ጆሮው የሚሰማው። ጀልባው ላይ፣ ሞተር ጠፍቶ። «ይሄ ሰውዬ አማርኛ አይችልም እንዴ?» ይላል ይርዳው። አጎትየው ግን በሌላው መስመር ሁሉ አማርኛው እንደ ማር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልበል፣ የዘጌ ነገር ስለተነሣ። የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ የጻፈው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዘጌ ልጅ ነው። በ1900 ሮም ላይ ታተመ። እዚያ ውስጥ የታሪኩ ጀግና ጦቢያ ወንድ መስላ ነው መንገድ የምትወጣው። የአማርኛ ልብ ወለድ ከዚህ ሐይቅ ዳር ሲነሣ ልብስ ቀይሮ ነው የተነሣው። ያንተ ደብዳቤ ደግሞ ፊደል ቀይሯል። ባዕድ ነገር እየጻፍክ እንዳይመስልህ።

---

የጥንት ፖሊ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:40

መምህርት፣ እጅሽ ይባረክ። ሌሊቱን ወረቀት ይዤ ስሞክረው አደርኩ። ትመጣለኽን ቀየርኩት፣ ሠራ። ትጽፋለኽ ላይ ስደርስ እምቢ አለኝ።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። አራሚው ማን ነው?

---

ማሪቱ | ሰኞ፣ ከቀኑ 5:10

አያትየዋ ናቸዋ! ለቀበሌው ማሳያ። «ይኸው፣ ለእጮኛው የጻፈው» ብለው ሊያሳዩ። ቤቱን ያተረፉት በዚያ ደብዳቤ ነው። ሳጥኑ የቆየውም ስለሚያስፈልግ ነው፣ እንደ ካርታና እንደ ግብር ደረሰኝ። በጣም የሚያስፈራ ነው፣ ወንድሟን ሰርዛ ቤቱን ያዘች ማለት ነው።

---

ስም የለኝም | ሰኞ፣ ከምሽቱ 12:35

እህቴ ማሪቱ፣ የቤቱን ነገር እቀበላለሁ። ግን ሳጥኑ ውስጥ ስንት ደብዳቤ ነው ያለው?

---

ጣና ዳር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:00

ሰላሳ አንድ።

---

ስም የለኝም | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:20

ለቀበሌ አንድ ይበቃል። የቀረውን ማቃጠል ነው የሚቀለው፣ ምድጃ ውስጥ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሰላሳ አንዱን በምላጭ የፋቀች ሴት ሌላ ምክንያት አላት። ባሏ አለ፣ ልጆች እያደጉ ነው፣ ሰው ይገባል ይወጣል። ወንድ ለወንድ የጻፈው ደብዳቤ በዚያ ቤት ማደር አይችልም። የወንድሟ የእጅ ጽሑፍ ከቤት እንዳይወጣ ያገኘችው መንገድ ያ ነው።

ሌላም ነገር አስብ። የተላከ ደብዳቤ ያለው ተቀባዩ ዘንድ ነው። እሷ ጋ እንዴት መጣ? አንድ ሰው አምጥቶ ሰጥቷታል። ያ ሰው በሯን ሲያንኳኳ ከፍታለች።

---

ወለተ ኪዳን | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:15

አቋሜ አልተቀየረም። ግን የወንድሜን ደብተር እኔም ጥዬው አላውቅም። የተቀባዩን መምጣት ጻፈው። ምን እንደጠጡ፣ የት እንዳስቀመጠችው። ቸኩለህ እንዳታልፈው።

---

ጣና ዳር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 5:50

ከሥራ እንደገባሁ እዚህ ነው የተቀመጥኩት፣ እራት አልበላሁም። ተቀባዩ የመጣው በ1968 ጥቅምት ነው፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ። የዘጌ ሰው ነው፣ ቡና ለቅሞ የሚሸጥ። በእንቅብ ቡና ይዞ መጣ፣ ደብዳቤዎቹ ከቡናው ሥር ናቸው። አያትየዋ መድረኩ ላይ ቆመው «ማን ልበል?» ሲሉት ስሙን ነገራቸው። ስሙን ያውቁታል፣ ወንድማቸው በእንቅልፉ ሲጠራው ሰምተዋል። በርጩማ አቀረቡለት። ያመጣውን ቡና ራሱን ቆልተው አፈሉለት፣ እስከ ሦስተኛው ተቀመጠ። ሲነሣ «መተማን ተሻግሯል» አላቸው። ሌላ ምንም አላለም። ለባላቸው እንኳ ሳይናገሩ ሃምሳ ዓመት ያዙት።

ይሄ መጽሐፉ መሐል ይገባል። መጨረሻው ገና ነው። ሞተረኛው፣ ነገ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወደ ዘጌ የምትነሣ ከሆነ ቦታ ያዝልኝ። ይርዳው ሞተሩን የሚያጠፋበትን ቦታ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።

---

ሞተረኛው | ሰኞ፣ ከምሽቱ 5:58

ይዤልሃለሁ። ጃኬት አምጣ፣ ጠዋት ይበርዳል።